ወረቀት የያዘ ሰው ሲጠይቅ

ሙቀት ወደ ላይ ይወጣል ብሎ ያስተማረህ ሰው ግማሹን ነው የነገረህ። ወደ ላይ የሚወጣው የሞቀ አየር ነው። ሙቀት ራሱ ግን እንደ ብርሃን ነው፤ ፊት ለፊቱ ያገኘውን ይመታል። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግድግዳ ተደግፈህ ቁም፤ አየሩ ገና ቆዳ ይቆነጥጣል፣ ደረትህ ግን ይሞቃል። ቁራጭ ደመና ፀሐይዋን ሲጋርዳት ወዲያው ይበርድሃል። አየሩ በዚያች ቅጽበት ተለውጦ ነው? አይደለም። ይህን ለስንቱ ሰው አስረዳሁ! እኔ ደግሞ አንድ ነገር ሁለቴ ማስረዳት አልወድም፤ ሦስተኛው ላይ እጮሃለሁ።

ስሜ ባንተአምላክ ነው። አምደወርቅ ገበያው ዳር የብየዳ ቤት አለኝ። ሙያውን የተማርኩት በወታደርነቴ ጊዜ አስመራ ነው። እዚያ አንድ ትልቅ የመኪና ጥገና አዳራሽ ነበር፤ ከባድ መኪና ሲገባና ሲወጣ ስለሚውል በሩ አይዘጋም። ከጣሪያው ሥር ረጃጅም ቱቦዎች ተንጠልጥለዋል። በአንዱ ጫፍ እሳት ይነድባቸዋል፣ ጭሱ በሌላው ጫፍ ወደ ውጭ ይወጣል፣ መሐል ላይ ቱቦው ራሱ ይግላል። ግለቱን ወደ ታች የሚመልስ የሚያብረቀርቅ ላሜራ ከላያቸው ተደፍቷል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እኔ ከሥሩ በሸሚዝ እሠራ ነበር። አንድ ሽማግሌ መካኒክ፣ "አየሩን ተወው፣ የራሱ ጉዳይ ነው፤ አንተ ሰውየውን አሙቅ" ይለኝ ነበር። ከአስመራ ይዤ የመጣሁት ሀብት ይኸው ነው። ሌላውማ፣ በ1983 በእግሬ ስመለስ ደህና ጫማ እንኳን አልነበረኝም።

አሁን የማወራው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነው ነው።

ከአምደወርቅ ወጣ ብሎ አንድ የቆየ የእርዳታ እህል መጋዘን አለ። አዲስ መጋዘን ሲሠራ ባዶውን ቀረና አንድ ፕሮጀክት ተረክቦ የበግ ፀጉር ለሚፈትሉና ምንጣፍ ለሚሠሩ ሴቶች ሰጣቸው። ሠላሳ አንድ ሴቶች ነበሩ። አንዷ ልጄ ምህረት ናት፤ ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። እናቷ ወለተጊዮርጊስ ካረፈች ወዲህ በቤቴ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ምህረት አንድ ቦታ መቀመጥ አታውቅም። እየበላች ትነሳለች፤ እያወራችህ በር ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ውጤት አልመጣላትም። አብረዋት ከተማሩት ሴቶች ሁለቱ ቤይሩት ናቸው፣ አንዷ ጂዳ፣ ሦስቱ በመተማ አድርገው ሱዳን ገብተዋል። ደላላው በየገበያው ቀን ይመጣል፤ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል፣ ምክንያቱም አንድ ቀን መዶሻ ይዤ ተከትዬዋለሁ። እሱን ማባረር ቀላል ነው። ከልጄ ሆድ ውስጥ ያለውን መሄድ ግን በምን መዶሻ አባርረዋለሁ?

ያቆያት ያ አዳራሽ ነበር። ምንጣፍ ስትሠራ ብቻ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳትነሳ የምትቀመጠው። መላውን ቤቴን የተሸከመልኝ ያ አዳራሽ ነው ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ ብርዱ ነው። ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ኮርኒስ የለው፣ ርዝመቱ አርባ ሜትር። ጥቅምት ሲገባ ከውጭው ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። ሴቶቹ ባና ተከናንበው ይቀመጣሉ፣ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ የበጉ ፀጉር ቅባት ይረጋና አልፈተል ይላል፣ ክሩ በየክንዱ ይበጠሳል። ባለፈው ዓመት ከሰል አቀጣጥለው በሩን ዘጉት። ወለተ ገብርኤል የምትባል ሴት እንዝርቷን እንደያዘች ወደቀች፤ ተሸክመን አውጥተን ነው ነፍስ የዘራችው። ከዚያ በኋላ ፕሮጀክቱ ከሰል ከለከለ። ዘንድሮ ደግሞ ትእዛዝ መጣ፤ አዳራሹ በደንቡ ካልሞቀ ከኅዳር መግቢያ እስከ የካቲት መጨረሻ ይዘጋል።

ምህረት ይህን የሰማች ቀን ወደ ብየዳ ቤቴ መጣች። አልተቀመጠችም።

"አባዬ፣ አዳራሹ ከተዘጋ እሄዳለሁ" አለችኝ። "ከእርስዎ ተደብቄ አልሄድም፤ ለዚህ ነው የምነግርዎ። ካልተዘጋ እቆያለሁ። ማርያምን እቆያለሁ።"

"አራት ወር ነው እኮ ልጄ!"

"አራት ወር ምን ላድርግ? ግድግዳ ልይ?"

ጮህኩባት። ጩኸቴን ሰምታ ስትጨርስ "እሺ አባዬ" ብላ ሄደች። እኔ የያዝኩትን ብረት አስቀምጬ ገበያውን ሦስት ጊዜ ዞርኩት። በሦስተኛው ዙር አስመራ ትዝ አለኝ።

የሴቶቹ ሰብሳቢ ወይዘሮ ወርቅአገኘሁ ናት፤ አፏ የማይያዝ፣ ሆዷ ግን ንጹሕ የሆነች ሴት። ሐሳቤን ስነግራት እንዝርቷን እንኳን አላቆመችም።

"አያ ባንተአምላክ፣ ምን ነካዎት? እሳት ከእግር ሥር ነው የሚነደው። ከራሳችን በላይ ሰቅለው ጠጉራችንን ሊለበልቡት ነው?"

"እሳቱ ውጭ ነው የሚነደው አልኩሽ! ከራስሽ በላይ የሚያልፈው ቱቦው ነው!"

"ይሁን፣ ይሁን፤ አይቆጡ። የእኛ ጠጉር እንደሆነ በሻሽ ተሸፍኗል፤ ለእርስዎ መላጣ ነው የማዝነው።"

ሴቶቹ ሳቁ። ሳቃቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሥራ ጀመርኩ።

የቀበሌው ግቢ ውስጥ የተቋረጠ የውሃ ሥራ ጥሎት የሄደ ወፍራም ጥቁር የብረት ቱቦ ተከምሮ ይዝግ ነበር። ለምኜ ወሰድኩት። ከግድግዳው ውጭ ሁለት በርሜል ገጥሜ በይጄ በመሬት ቀበርኩ፤ ምድጃው እሱ ነው። ከዚያ ቱቦው ግድግዳውን ሰንጥቆ ገብቶ ከሴቶቹ ራስ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አዳራሹን እስከ ዳር ይሄድና በወዲያኛው ግድግዳ ወጥቶ ጭስ ማውጫ ይሆናል። ከመነሻው ወደ መጨረሻው በትንሹ ሽቅብ ማለት አለበት፤ አለዚያ ጭሱ አይሳብም። እያንዳንዱን መጋጠሚያ ሁለት ጊዜ በየድኩት፤ ወለተ ገብርኤል ስትወድቅ አይቻለሁና።

የቀረኝ የሚያብረቀርቀው ላሜራ ነበር። ከየት ይምጣ? መላ የዘየደችው ምህረት ናት። "አባዬ፣ የዘይት ቆርቆሮ!" አለች። የእርዳታ ዘይት የመጣበት ቆርቆሮ በየቤቱ አለ፤ ውሃ ይቀዳበታል፣ እህል ይሰፈርበታል። ውስጡ ደግሞ እንደ መስታወት ያበራል። ሴቶቹ ከደሃና ወረዳ ከየመንደሩ በአህያ ጭነው አመጡልን፤ መቶ ሠላሳ ቆርቆሮ። ምህረት በመቀስ እየቀደደች፣ በአመድ እያሸች፣ እየዘረጋች ትሰጠኛለች፤ እኔ ከመሰላሉ አጎንብሼ እቀበላትና ከቱቦው በላይ እሰቅለዋለሁ። ከልጅነቷ ጀምሮ ከእኔ ጋር እንዲህ ተስማምታ የሠራችበት ቀን አልነበረም። አንድ ጊዜ መሰላሉ ላይ ሆኜ ቁልቁል ሳያት እያንጎራጎረች ነበር።

መጀመሪያ ስንለኩሰው ጭሱ ወደ ኋላ ተመለሰና አዳራሹን ሞላው። ሴቶቹ እያሳሉ ወጡ። ወርቅአገኘሁ ዓይኗን እያሸች፣ "ከሰሉ ይሻል ነበር፤ እሱ ቢያንስ ሳያስለቅስ ነው የሚገድል" አለችኝ። ተናደድኩ፤ ጓንቴን መሬት ላይ ወረወርኩ፤ መልሼ አነሳሁት። ጭስ ማውጫው አጭር ነበር። ሁለት ሜትር ቀጠልኩለት። በማግስቱ ጠዋት እንደገና ለኮስን፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ኩበት። አሁን እሳቱ ጉሮሮው እንደተከፈተለት ሰው ተነፈሰ። ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ከቱቦው ሥር ያለችው ሴት ባናዋን ከራሷ አወረደች። ቀጥላ ከጎኗ ያለችው። ከዚያ ሁሉም እየተነሱ ባናቸውን ግድግዳው ላይ ባለው ሚስማር ሰቀሉ። ሠላሳ አንድ ባና በአንድ ግድግዳ ላይ! የፀጉሩ ቅባት ለሰለሰ፤ እንዝርቶቹ መሽከርከር ጀመሩ።

ምህረት ምንጣፏ ላይ ጎንበስ እንዳለች፣ "አባዬ፣ ጀርባዬን ፀሐይ መታኝ!" አለችኝ።

እንግዲህ ደስታ የሚባለው ይህ ከሆነ፣ ያን ቀን ደስ ብሎኛል።

ከሳምንት በኋላ፣ ጥቅምት ሊያልቅ አካባቢ፣ የፕሮጀክቱ ባለሙያ አዳራሹን ለማየት ከሰቆጣ መጣ። ትእዛዙ ይባላል፤ ወጣት ነው። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር። መኪናው ገና ዳገቱን ሲወጣ ድምፁ ተሰማ፤ እኔ ለመቀበል ወደ በሩ ሄድኩ። ዘወር ስል ግን ያየሁት ነገር አልገባኝም። ሴቶቹ ሁሉ ተነስተው ባናቸውን ከሚስማር እያወረዱ ይከናነባሉ። እስከ ቅንድባቸው ድረስ! ማንም ማንንም አላዘዘም። የጸሎት ደወል እንደሰማ ሰው ነው የተነሱት።

"ምን ሆናችሁ?" አልኩ።

"ዝም ይበሉ፤ መጣ" አለችኝ ወርቅአገኘሁ። ወዲያው ጎረቤቷን በኽምጣኛ አንድ ነገር አለቻት፤ ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

ሰውየው ሰላምታ ሰጥቶ ገባ። ከቦርሳው ቴርሞሜትር አውጥቶ በሩ አጠገብ ምሰሶው ላይ ሰቀለና ጠበቀ። እኔ ወዲያና ወዲህ እል ነበር። አሥራ አንድ ዲግሪ አለ።

"አያ ባንተአምላክ፣ ደንቡ አሥራ ስድስት ይላል" አለኝ።

"እሱ የሚለካው አየሩን ነው! አየሩን ማን አሞቀው? እኔ ያሞቅኩት ሰዎቹን ነው። ና፣ ከሥሩ ቁም!"

እጁን ይዤ ጎተትኩት። ከቱቦው ሥር ቆመ። ወደ ላይ አየ፣ እጁን ዘረጋ፣ ጃኬቱን ከፈተ። ፈገግ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ያኔ ወደድኩት።

"ገብቶኛል" አለ። "ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ በሥራ ላይ ግን እዚህ ነው ያየሁት። ችግሩ፣ እኔ የተሰማኝን የምጽፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። የሠራተኞቹን ቃል የምጽፍበት ግን አለ። ይሞቀናል ካሉ ያንን ጽፌ እፈርማለሁ፤ አዳራሹ አይዘጋም። አለቀ።"

ደረቴ ተነፋ። የሠራተኞቹን ቃል! ከዚህ የቀለለ ምን አለ? ቱቦው ከራሳቸው በላይ ግሏል፤ ከመካከላቸው ተከናንባ በላብ ያልተጠመቀች የለችም።

ሰውየው ወረቀቱን ሰሌዳ ላይ አድርጎ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ፣ መጀመሪያ ወለተ ገብርኤልን ጠየቃት።

"እናቴ፣ እንዴት ነው፣ ይበርዳችኋል?"

"ብርዱማ ጨረሰን የኔ ልጅ" አለች። ከግንባሯ ላብ በአፍንጫዋ ላይ ይወርዳል።

ሁለተኛዋ፣ "ጣት የሚባል ቀርቶልን ነው? ተመልከተው" ብላ እጇን ዘረጋች። ሦስተኛዋ፣ "ችግር ነው ልጄ፣ ችግር ነው" አለች። ወርቅአገኘሁ ደግሞ ድምጿን አሳዝና፣ "ሁለት ሁለት ብርድ ልብስ ቢታሰብልን። ሽማግሎችም አሉብን" አለች።

"ወርቅአገኘሁ!" ብዬ ጮህኩ። "ላብሽን ጥረጊ እንጂ! ምን ነው የምትቀባጥሪው?"

ትእዛዙ ዘወር ብሎ አየኝ። "አያ፣ ይቅርታዎን። እርስዎ ባሉበት እንዳይፈሩ ወደ በሩ ይሂዱልኝ፤ ቃላቸውን ልስማ።"

በሩ ላይ ሆኜ እግሬ አልቆም አለኝ። ሦስት እርምጃ ወዲህ፣ ሦስት እርምጃ ወዲያ። ብርድ ነው፣ ብርድ ነው፣ ችግር ነው። እሱ ይጽፋል። ምህረት መጨረሻው ላይ ነበረች። እሷ ትናገራለች ብዬ ነው የጸናሁት። እሷ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት፤ ቆርቆሮውን በእጇ የቀደደች ናት፤ "ፀሐይ መታኝ" ያለች ናት። የሌላው ሁሉ ቃል ቢቀር የእሷ አንድ ቃል ሰውየውን ያነቃዋል።

ሰውየው ፊቷ ቆመ። "አንቺስ እህቴ፣ ይበርድሻል?"

ምህረት ወረቀቱን አየች። ባናዋን ወደ አገጯ ሳበች።

"ይበርደኛል" አለች።

መኪናው ቁልቁለቱን ከመጨረሱ በፊት ባናዎቹ ሁሉ ተመልሰው ሚስማር ላይ ነበሩ። ወርቅአገኘሁ ፊቷን በነጠላዋ እያራገበች ትስቅ ነበር። "ብርድ ልብሱ አይቀርም! ሲጽፍ አላያችሁትም?"

ምን እንዳደረጉ ነገርኳቸው። እነሱ ሠላሳ አንድ ሆነው አዳራሹን በአፋቸው እንደዘጉት፣ ሰውየው ሊመዘግብ የመጣው ብርድ ልብስ ሳይሆን ቃላቸውን እንደሆነ። ሳቁ ቆመ። አንዷ፣ "ታዲያ ምን ማለት ነበረብን?" አለች። እውነትም ሌላ ምን ይባላል? ሃያ ዓመት ሙሉ ወረቀት የያዘ ሰው በመጣ ቁጥር 'ደህና ነን' ያለ ከመዝገብ ሲሰረዝ፣ 'ችግር ነው' ያለ ስንዴ ሲሰፈርለት ነው የኖሩት። የእነሱን ተረዳሁ። የልጄን ግን አልተረዳሁም።

ውጭ፣ ምድጃው አጠገብ አገኘኋት። ጭራሮ እየሰበረች ነበር።

"ሆን ብለሽ ነው" አልኳት። "መሄድ ስለፈለግሽ ነው። በግልጽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

"አይደለም አባዬ።" ጭራሮ መስበሯን አቆመች። "በእናቴ አፈር አይደለም። ይሞቀኛል ልለው ነበር። ወረቀቱን ሳይ አፌ ቀደመኝ።"

"አፌ ቀደመኝ ይባላል? ማን አስተማረሽ እንዲህ ያለ ውሸት?"

ቀና ብላ አየችኝ።

"እርስዎ" አለች። "ረሱት? የስንዴ ሰልፍ ላይ። ሰባት ዓመቴ ነበር።"

አልረሳሁትም። ረስቼው ቢሆን ምንኛ በተሻለኝ። 1986 ነው፤ ዝናቡ የቀረበት ዓመት። በዚሁ መጋዘን ደጃፍ ተሰልፈናል። መዝጋቢው ከእኔ አልፎ ጎንበስ አለና፣ "የኔ ቆንጆ፣ ዛሬ በላሽ?" አላት። እሷ ሰው ስላናገራት ደስ ብሏት፣ "በልቻለሁ፣ ቆሎ!" አለችው። እፍኝ ቆሎ ነበር፤ እናቷ ከራሷ አስቀርታ የሰጠቻት። ሰውየው አንድ መስመር አሰመረ፤ የዚያን ወር ስንዴ ሳናገኝ ተመለስን። ከመጋዘኑ ጀርባ ወስጄ በጥፊ መታኋት። በዚያች ትንሽ ፊት ላይ። ከዚያም እስከ ቤት ድረስ እጇን ይዤ አስጠናኋት፤ "ወረቀት የያዘ ሰው ሲጠይቅሽ ምን ትያለሽ?" "አልበላሁም።" "ሌላስ?" "ይበርደኛል።" "እንደገና!" አለቀሰች፣ ግን ተማረች። እኔ ማስተማር እችላለሁ።

ምድጃው አጠገብ፣ እኔ ባንተአምላክ፣ በጩኸቴ ገበያው የሚያውቀኝ ሰው፣ ይቅር በይኝ ማለት አቃተኝ። ጭራሮውን ከእጇ ተቀብዬ መስበር ጀመርኩ።

በማግስቱ ወርቅአገኘሁ ስድስት ሴቶች አስከትላ ሚኒባስ ተሳፍራ ሰቆጣ ወረደች። እኔም አብሬ ሄድኩ። ትእዛዙ በአክብሮት ተቀበለን። "ይሞቀናል፤ ያን ቀን ዋሽተንሃል፤ ይቅር በለን" አሉት፣ አንዷ ስትተው ሌላዋ እየተቀበለች። እሱ እነሱን አየ፣ እኔን አየ።

"ሪፖርቱ ሄዷል" አለ። "ባይሄድም ደግሞ፣ እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ታምናላችሁ? ዛሬ አያ ባንተአምላክ ይዘዋችሁ መጥተዋል። ያን ቀን ግን ማንም ሳያስጠናችሁ ነው የተናገራችሁት።"

ማንም ሳያስጠናችሁ! ተነስቼ ጠረጴዛውን ልገለብጠው ነበር፤ ነገር ግን ሰውየው በምን ያውቃል? ከጥር በኋላ እንደገና መጥቶ እንደሚያይ ቃል ገባ። ቃሉን እንደሚጠብቅም አውቃለሁ፤ ደግ ሰው ነው። ደላላው ግን እስከ ጥር አይጠብቅም።

ኅዳር ሲገባ አዳራሹ ተቆለፈ። ምህረት ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ቆየች፤ በሩ ድረስ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የታጠበ ሳህን ደግማ ታጥባለች። እኔም ከብየዳ ቤቴ ያለ ሥራ እየተነሳሁ ስንት ጊዜ ወደ ቤት እንደመጣሁ! ሁለታችን በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ስንተላለፍ እንውል ነበር። "ቅሪ" አልኳት፤ ለመንኳት እንጂ አልጮህኩም። "ካልተዘጋ ልቆይ ነበር ቃል የገባሁት፤ ተዘጋ" አለች። ስለ ጥፊው ሁለታችንም አላነሳንም።

የሄደችው በሚካኤል ዋዜማ ጠዋት ነው። ከመንጋቱ በፊት ተነስቼ እንደ ነገሩ ቂጣ ጋገርኩላት፤ እናቷ እንደምታደርገው ማርና ቅቤ ቀባሁት፤ ሰፌድ ላይ አድርጌ ከደንኩትና "ብዪ፤ እኔ ሻንጣሽን ላድርስ" ብዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ነጠላዋን እያስተካከለች መጣች። ረዳቱ "ግቡ፣ ግቡ!" ይላል። ደላላው ከፊት ወንበር ተቀምጦ የስም ዝርዝር ይዟል፤ ወረቀቱን አየሁት። ዛሬ መዶሻ አልያዝኩም።

ጉንጯን ሳምኳት። የመታሁትን ጉንጭ መርጬ ነው የሳምኩት። እሷም አውቃዋለች መሰለኝ፤ ዝም ብላ ቆመችልኝ።

"በላሽ?" አልኳት።

"በልቻለሁ አባዬ" አለችኝ። ፈገግ ብላ፣ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ።

መኪናው እስኪሰወር ቆሜ ቤት ገባሁ። ሰፌዱን ስከፍተው ቂጣው እንዳለ ነው፤ አንድ ጫፉ እንኳን አልተቆረሰም። ቅቤው ረግቷል። በርሃብ ዘመን ቆሎ በልታ "በልቻለሁ" ስላለች የመታኋት ልጅ፣ ዛሬ ምንም ሳትቀምስ፣ እንዳላዝን ብላ "በልቻለሁ" አለችኝ። እንደ ሴት ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ጎረቤት ይስማ።

ከዚያ ቂጣውን በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ሰቆጣው መንገድ ሮጥኩ። መኪና በእግር እንደማይደረስበት አውቃለሁ። ግን ቁልቁለቱ ላይ አንዳንዴ ጎማ ይፈነዳል፣ አንዳንዴ ሰው ለመጫን ይቆማሉ። እስከ አዳራሹ፣ ከአዳራሹም እስከ መታጠፊያው ሮጥኩ።